ጉራቻ አላበደም ነበር

ይህን የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ትንንሾቹን ኃጢአቶች ስዘረዝር ይህን ዘልዬው እነሣለሁ።

ጅማ አጠገብ የቡ ከተማ ሳለሁ ነው፤ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤቴ ተማም ጉራቻ የሚሉት ጥቁር ውሻ ነበረው። ውሻው ፀሐይ የሚሞቀው እኔ ባሰጣሁት ቡና ላይ ነው። ባባርረው ይመለሳል፤ አንዳንዴም ይሸናበታል። እሰረው ብዬ ለተማም መንገር ስችል አልነገርኩትም። ሳንባ ገዛሁ፤ የአይጥ መርዝ ለወስኩበት፤ በአጥሩ ሥር ጣልኩለት። እኔ ነኝ የጣልኩለት። ጭራውን እየቆላ በላው።

ከሰዓት በኋላ ተማም ጠራኝ። ውሻው ደጃፉ ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል፤ አረፋ ይደፍቃል። ትንሿ ልጁ ዘይነባ አንገቱን አቅፋ አፉን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ተምራለች ተብዬ በሰፈሩ የምጠየቀው እኔ ነበርኩ።

«እትዬ፣ መርዝ ይሆን? የበላው ከታወቀ ጅማ የከብት ሐኪም ዘንድ ላድርሰው፤ መኪናው ሳይሄድ።»

የበላውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የተረፈው መርዝ ከነወረቀቱ ማድ ቤቴ ተቀምጧል። አምጥቼ ማሳየት ምን ይከብድ ነበር?

«አብዷል። ልጅቷን አርቃት» አልኩት።

ልጅቷን ነጥቆ ቤት አስገባና መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ጉራቻ ጌታውን ሲያይ ለመነሣት ሞከረ። እኔ ቆሜ አየሁ።

በዚህ አላበቃም። ያበደ ውሻ ለሐጭ የነካት ልጅ መወጋት አለባት። ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ነበር፤ በየቀኑ ነበር። አብሬያቸው ጅማ ተመላለስኩ፤ ስትወጋ እጇን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሆዷ አብጦ ሲጠቁር አየሁ። አንድ ቃል ብናገር በማግስቱ መርፌው ይቀር ነበር። «በቃኝ» ብላ ስታለቅስ «በርቺ ልጄ» አልኳት። በዚህ አፌ! ከመርዙ ይልቅ ይህን ቃል ሳስታውስ ነው ምራቄ የሚመርረኝ።

ፈርቼ ነው እንዳልል ምን የሚያስፈራ ነበረ? ተማም ቢበዛ ይቀየመኝ ነበር። አንድ ቅያሜ ሸሽቼ ነው።

እሱ እስኪሞት ድረስ ልጄን አተረፉልኝ እያለ መረቀኝ። ዘይነባ ዛሬ የልጆች እናት ናት። በየኢዱ ምግብ ይዛልኝ ትመጣለች፤ እበላለሁ። ዘንድሮ ልጆቿን ወደ እኔ እየገፋች፣ «ሳሟቸው፤ እሳቸው ባይኖሩ እናታችሁ አትኖርም ነበር» አለቻቸው።

«እኔ ምን አደረግኩ፤ እግዜር ነው እንጂ» አልኩ።

ልጆቹም ሳሙኝ።