ድስቱን የምታስተኛው ውባንቺ

ውባንቺ አንዴ «አደርገዋለሁ» ካለች፣ ወረታ መገንጠያው ላይ የሚቆሙት የጭነት መኪኖች ሁሉ ተሰልፈው ቢዘጉባት ከሐሳቧ አትመለስም። ባሏ ባየህ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት አብሯት ኖሯላ! ግን ባል የሚያውቀውንም ይረሳል፤ በዚያ የመጋቢት እሑድ እሱም ረስቶት ነበር።

ነገሩ የእናቷ ነው። እማማ ታይቱ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ከሚተኛበት መንደር፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። አምና ጎርፉ ቤታቸው ገብቶ ሁለት ቀን ሙሉ ቆጥ ላይ ተቀምጠው ቆይተው ነው በታንኳ የወጡት። ውባንቺ ዘንድሮ ሐምሌ ሳይገባ ልታመጣቸው ቆርጣለች። ቤቷ ግን አንድ ክፍል ነው። እማማ ታይቱ ደግሞ «ከአማቼ ጋር አንድ ክፍል ከማድር ውሃው ይውሰደኝ» ያሉ ሴት ናቸው፤ ካሉ ብለዋል። ልጅቷ ግትርነቱን ከየት እንዳመጣችው እንግዲህ መጠየቅ አያስፈልግም።

አከራያቸው እትዬ አምሳል ጓሮ ባዶ ክፍል ነበረቻቸው፤ ውባንቺ በዚያ እሑድ «እንከራያት» አለች።

«ኪራዩ ከየት ይመጣል?» አለ ባየህ። ሩዝ መፈተጊያ ቤት ጆንያ ሲሸከም የሚውል ሰው ነው። «ከሰሉ በላን፣ መብራቱ በላን። ምን ቀረን?»

«እንግዲያው ከሚበሉን ላይ እቀማለሁ» አለች።

ባየህ ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ነቅላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተችው። ለከሰሉም መላ ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። ልጅ ሳለች፣ በጎርፉ ወራት እንጨቱ ሲርስና ኩበቱ ሲበሰብስ፣ እናቷ ድስቱን አንዴ ብቻ አፍልተው ጭድ ውስጥ ይቀብሩት ነበር፤ በራሱ ሙቀት ይበስላል። ወረታ ላይ ጭድ በገንዘብ ነው። የሩዝ ገለፈት ግን መፈተጊያ ቤቱ ጓሮ ተከምሮ የሚያነሳው አጥቷል። ውባንቺ በጠራራ ፀሐይ ሄዳ፣ ባየህ ከጓደኞቹ ጋር በተቀመጠበት ፊት ለፊት፣ አንድ ጆንያ ሞልታ ተሸክማ ወጣች።

«ባየህ፣ ላም ገዛችሁ እንዴ?» አለው አንዱ። ባየህ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ጾም ስለነበር በባቄላ ጀመረች። አድሮ የተዘፈዘፈውን ባቄላ አፍልታ፣ ድስቱን ከድና፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ገለፈቱ ውስጥ ቀበረችው፤ «አስተኛሁት» አለች። እስከዚህ ድረስ ደግ ነበር። ግን በዚያ አገር ድስቷን ጥዳ ሳታማስል የምትቀመጥ ሴት ሰነፍ ትባላለች፤ ውባንቺም እጇ አላርፍ አላት። በየሩብ ሰዓቱ ከፍታ ታያለች፤ በከፈተች ቁጥር እንፋሎቱ እብስ ይላል። ማታ የቀረበው ባቄላ ባየህ ጥርስ ሥር እንደ ጠጠር ጮኸ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ እትዬ አምሳል፣ ወሬው ሳይደርሳቸው አያድርምና። «ደሞ ድስት ማስተኛት ምንድን ነው? ሕፃን ነው?»

ውባንቺ ከንዴቷ የተነሳ እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። በማግስቱ ድስቱን ቀብራ፣ ቤቱን ቆልፋ፣ ቁልፉን ይዛ እትዬ አምሳል ደጅ ቆመች።

«ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ብለምንዎ እንኳ እንዳይሰጡኝ።»

እውነትም በስድስት ሰዓት መጥታ ለመነቻቸው። ሴትየዋ ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው እንቢ አሉ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ስምንት ሰዓት ላይ አብረው ገብተው ሲከፍቱት ባቄላው በጣት ሲነካ የሚፈርስ ሆኖ አገኙት። እትዬ አምሳል አንድ ቀመሱ፣ ሁለት ቀመሱ። ሳምንት ሳይሞላ እሳቸውም ገለፈት አስመጡ።

ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። በሁለት ሳምንት ያልቅ የነበረው ማዳበሪያ ከሰል ወር አልፎ ተረፈ። የመታጠቢያ ውሃ በጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ ይሞቅ ጀመር። ባየህ ቢያጉረመርምም፣ በሁለተኛው ወር ገለፈቱን ራሱ ተሸክሞ ሲገባ ታየ፤ የጠየቀው ካለ «የሚስቴ ድስት ብርድ አይወድም» ይላል። ውባንቺ የተረፈውን ብር ቅዳሜ ቅዳሜ ለክፍሏ ኪራይ ለእትዬ አምሳል ትሰጣለች። ለሰኔ ሚካኤል የጓሮዋ ክፍል ቁልፍ እጇ ገባ።

አማቱን ያመጣቸው ባየህ ነው። ባጃጁ ጭቃው እስከፈቀደለት ድረስ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ባየህ በእግሩ ገብቶ፣ ጓዛቸውን በዚያ በለመደው ትከሻው ተሸክሞ አወጣቸው።

ሲመሻሽ ውባንቺ እራት ይዛ ወደ ጓሮ ብትሄድ ክፍሏ ጨለማ ናት። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

«እማዬ፣ መብራት ሄደ እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ልጄ። ባየህ መንገድ ላይ አጫወተኝ፤ ለዚች ክፍል ስትዪ ሦስት ወር ሙሉ ስንቱን እንደተውሽ። እኔ ደሞ መጥቼ ላቃጥልብሽ? ዓይኔ ጨለማ ለምዷል።»

ውባንቺ ትሪውን መሬት አስቀምጣ በዳበሳ ማብሪያውን አገኘችው፤ ተጫነችው። የእናቷ ፊት ካለፈው ዓመት ይልቅ ከስቷል።

«ማንን ለማየት ብዬ ነው የቆጠብኩት?» አለች። «ይብራ!»

እማማ ታይቱ ልጃቸው ያጎረሰቻቸውን ጎረሱ። መብራቱም እራቱ አልቆ፣ ወሬው አልቆ፣ እንቅልፍ እስኪጥላቸው ድረስ በራ።