ወራጅ አለ

ለቡ ቤቴ አጠገብ «ወራጅ አለ!» ባልኩ ቁጥር የሚኒባሱ ሾፌር «ትራፊክ አለ፣ አለፍ ብለን» እያለ አርቆ ይጥለኛል። እዚያ ቦታ ግን ትራፊክ ፖሊስ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

ሥራዬ ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ነው። አንድ ቀን ለማረፍ ስቃረብ ሬዲዮዬ ይቆራረጥብኝ ጀመር። ዝቅ ለማለት በእንግሊዝኛ ሦስቴ ፈቃድ ብጠይቅ፣ የበረራ ተቆጣጣሪዋ ሦስቴም «ድገም» አለችኝ። ደሜ ፈላ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ይቺ ጥርት ብላ ደረሰቻት መሰለኝ፣ ሳቋን እያፈነች «ትራፊክ አለ፣ አለፍ ብለን» አለችኝ። እዚህም? ልሳደብ አፌን ስከፍት አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ከሥሬ እልፍ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሾፌሩ «ትራፊክ አለ» ሲለኝ አልጨቃጨቅም፤ በመስኮት ወደ ታች አያለሁ።