ቡኒዋ ፓፍ በሑዳዴ ጠዋት

ከሽንዲ ወዲያ ካለው ቤቴ የወጣሁት ጎሕ ሳይቀድ፣ ጭጋጉ ከበቆሎው ላይ ገና ሳይነሣ ነው። በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ ነበር፤ ሽታው ቀሚሴን ይዞ የሚያስቀረኝ መሰለኝ። ያባረረኝም እሱው ነው። በርበሬ ሲቆላ፣ የማጀቱ ጭስ ሲነሣ፣ ደረቴ እንደ ዋሽንት ያፏጫል፤ ከዚያ ሳሉ መቆሚያ የለውም። ጎረቤቶቼ፣ ይኸን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ እንደኔ በሳል ለተሰደዳችሁም።

በሚኒባስ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም። መስኮቱን ተደግፌ ሳይ የሚሄደው አገሩ እንጂ እኔ አልመስልም ነበር።

ልጄ እናና ከተከራየችው ቤት ገባሁ። እዚህ ሙቀቱ ይከብዳል፤ ማንጎው ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ሰው ግን እግዜር ይመስገን እስኪባባል አይቆምም። ጎመኑ እንኳ ሲበሉት ውሃ ውሃ ይላል። አከራያችን ዳምጤ በገባሁ ሰሞን መጣ።

“እማማ፣ ቤቱን ያከራየሁ ለሁለት ሰው ነው፤ ሳልዎ ሦስተኛ ሆነብኝ።”

“ምን ላድርግ ልጄ፣ እኔንም ሳያስፈቅድ ነው የገባ።”

“እንግዲያ ቀን ቀን ያስል፤ ሌሊቱን እንኳ ለኛ ይተውልን!”

እናና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። አክታዬን አስመርምሮ፣ ትንፋሼን አስነፍቶ፣ “አስም ነው” አለኝ። የገዛሁትን የሳል ሽሮፕ ባሳየው ሳቀ።

“ይኸ ጉሮሮዎን ያጣፍጥልዎት እንደሁ ነው፤ ሳሉ ያለው ከሥር ነው። የደም ግፊት ክኒን ይወስዳሉ? ከክኒኑ ሳል የሚያመጣ ዓይነት አለ።”

“ኧረ ግፊትስ የለብኝም፤ ያለብኝ አከራይ ነው።”

በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ሁለት ፓፍ ሰጠኝ። ሰማያዊዋ ሲያፍነኝ ቶሎ የምትከፍት ናት። ቡኒዋ ግን ጠዋትና ማታ፣ ባያስለኝም የምትሳብ፣ የሳንባዬን ቁጣ ቀስ እያለች የምታበርድ። እሷን ከሳብሁ በኋላ አፌን በውሃ ተጉመጥምጬ እንድተፋ አዘዘኝ፤ አለዚያ አፍ ታቆስላለች። እነዚህ ባይበቁ የሚዋጥም አለ አለኝ። ጭስ ካለበት ቤት እንዳልተኛም አስጠነቀቀኝ። ለጥምቀት ሳሌ ረግቦ፣ ዳምጤም ሰላም ይለኝ ጀመር።

ሑዳዴ ገባ። ፋሲካ ሳይደርስ መቍረብ ፈልጌያለሁ። ሊቆርብ ያሰበ ሰው በጠዋት አፉን ውሃ ያስነካል? የጠዋቷን ቡኒ ተውሁ፤ ቀስ በቀስም የማታዋን ረሳኋት። ሳሉ ተመለሰ። አንድ ሰንበት ለቁርባን ተሰልፌ ሳለሁ ሳሉ ይመጣብኝ ጀመር። ተቀብዬ ከአፌ ቢወጣስ? ሰልፉን ትቼ ወጣሁ። ለቁርባኔ ብዬ የተውሁት መድኃኒት ከቁርባኔ አስቀረኝ።

አገር ቤት ላሉት የንስሐ አባቴ ለመምሬ ደወልሁ።

“አባቴ፣ ምን ይሻለኛል?”

“ሐኪሙ በየቀኑ ሳቢ ነው ያለሽ?”

“አዎ።”

“እንግዲያ ሳቢ። መድኃኒት ምግብ አይደለም። አፍሽንም ተጉመጥምጠሽ ትፊው፤ እኔ ፈቅጄልሻለሁ።”

“ኃጢአት ቢሆንብኝስ?”

“አንቺ ሴትዮ! የንስሐ አባቱ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ?”

ሳቅሁ፤ ሳቄንም ሳል ቀማኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠዋት አልዘለልሁም። ለጸሎተ ሐሙስ ቆረብሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጭኜ ቆምሁ፣ ጠበቅሁት፤ ሳሉ አልመጣም።

ለመምሬ ደውዬ ነገርኋቸው።

“እሰይ! የሚቀጥለውን የምትቆርቢ ከኛው ደብር፣ ከእኔ እጅ ነው። መቼ ነው የምትመጪ?”

ጭሱን አሰብሁ፤ እሳቸውን አሰብሁ። እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በስልኩ ውስጥ ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነገር ይሰማኛል።

“ዘነበ እንዴ አባቴ?”

“አሁን ጀመረ። መቼ ነው የምትመጪ አልሁሽ?”

“ስልኩን አይዝጉት እስቲ” አልኋቸው፤ “ትንሽ ልስማው።”