የአክስቴ ዝርግ መስታወት

ከክሊኒኩ የመጣው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ በአልጋው ራስጌ ተንበርክኮ፣ እኔ የልጄን ክንድ ይዤ ከጎኑ፣ አክስቴ ደግሞ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ቆመው ነበር። በረሃቡ ዘመን፣ ወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ካምፕ በነበረችው የሣር ጎጇችን ውስጥ ነው። ልጄ ሰውነቷ ደርቆ ጉሉኮስ ሊሰካላት ነበር፤ በጨለማው ግን ደም ሥሯ አልታይ አለ። ውጭ ነፋሱ አሸዋ ስለሚያነሣ ልናወጣት አልቻልንም።

አክስቴ ፀሐይዋን ወደ ውስጥ ሊመልሱባት መጀመሪያ ከተሰበረ ሎሪ የወጣ ጎባጣ ስፖኪዮ አነሡ። ብርሃኑ ተበትኖ ግድግዳው ላይ ፈዘዘ።

«እማማ፣ መኪና ሊነዱ ነው?» አለ ድሬሰሩ። ሁለት ጊዜ ወግቶ ስቶ ነበር፤ ላብ አጥምቆታል።

«አፍህን ተውና መርፌህን ያዝ።»

ስፖኪዮውን ጥለው ዝርጉን የመልክ ማያ መስታወታቸውን ከምሰሶው አወረዱ። «ጎባጣ ይበትናል፤ ዝርግ የተቀበለውን ያደርሳል» ማለት ልማዳቸው ነበር፤ በድንጋጤ የራሳቸውን ቃል ረስተውት ነው። ደማቅ ብርሃን ክንዷ ላይ አረፈ። ድሬሰሩ ለሦስተኛ ጊዜ ወጋ።

«ገባ!» አለ ድሬሰሩ።

ያቺ ልጄ አድጋ፣ ከዓመታት በኋላ ከአክስቴ ቀብር መልስ መስታወቱን ወሰደችው፤ ገዳሪፍ ከተማ ባለው የአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ያን ቀን ግን አክስቴ ማናችንንም ሳያዩ መስታወቱን በነጠላቸው ጠርገው ወጡ።