ናስትሮ የተለጠፈባት መብራት

ያለፈው ዓርብ ልጄ ኑሩ ሊጠይቀኝ መጣ። ኑሩ እዚህ ዓረብ አገር፣ ሪቃይ በሚባል ሰፈር የአንድ ቤት ሹፌር ነው። እኔ ፈርዋኒያ ከሁለት የአገሬ እህቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ በየቤቱ እየዞርኩ አጸዳለሁ። የምንገናኘው በሳምንት አንዴ፣ ከጁምዓ በኋላ ነው። ሩዝና ዓሣ ሠርቼለት እየበላ፣ እየሳቀ አንድ ወሬ ነገረኝ። የአሠሪዎቹ ልጅ፣ ኑሩ የሚነዳትን መኪና ሹዌኽ ጋራዥ ወስዶ ማርሚታዋን አስቀየረ፤ አሁን ስትነሳ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማታል።

«ከዚያ ወዲህ ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታ ቀረች» አለ። «ልጁ ግን ምንም አይደለም፣ ዝም ብለህ ንዳ አለኝ።»

«ለአባትየው ነገርከው?»

«እማ ደግሞ፣ መብራት እኮ ናት። ቦምብ አደረግሻት።»

ፈሪ እናት ነኝ፣ አልክድም። ሁለቴ ደውዬለት ካላነሳ፣ ሦስተኛውን ሳልደውል ሆስፒታሉንም እስር ቤቱንም በሐሳቤ ዞሬ እመለሳለሁ። ኑሩ በዚህ ሁልጊዜ ይስቅብኛል። ያን ዕለት ግን የፈራሁት ስለማውቅ ነው። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ነገርኩት።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከሐይቅ አካባቢ፣ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት ይዤ፣ እዚህ ጃብሪያ አንድ ትልቅ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። የቤቱ ሹፌር የአገሬ ሰው ነበር፤ ጋሼ ሰይድ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ረጋ ያለ ሰው። ጠዋት ጠዋት ለቤቱ ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ያመጣል፤ ሰፊ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት፣ እጅ የሚያቃጥል ዳቦ። የራሱን ድርሻ ለሁለት ይቆርስና ግማሹን በኩሽናው መስኮት ያቀብለኛል።

«ብዪ አንቺ ልጅ» ይለኝ ነበር። «እዚህ አገር ቁጭ ብዬ እበላለሁ ያለ ጾሙን ነው የሚያድረው።»

የቤቱን መኪና ጠዋት ጋሼ ሰይድ ይነዳታል፤ የአሠሪዎቻችንን ትንሿን ልጅ ትምህርት ቤት፣ እናቷን ማዳምን ገበያ ያደርስባታል። ከሰዓት በኋላ የቤቱ ትልቁ ልጅ ፋሃድ ይወስዳታል። አባትየው፣ ሁላችንም ባባ የምንለው፣ ለሥራ ውጭ አገር በሄደ ሰሞን ፋሃድ ማርሚታዋን አስቀየረ፤ የጭሱን ማጣሪያም አስወጣው። ስትመለስ ድምፅዋ የወፍጮ ቤት ሆኖ ነበር። ፋሃድ በደስታ አበደ። ቢጫዋ መብራት ግን በርታ አልጠፋም አለች። ጋሼ ሰይድ እንዳስረዳኝ፣ ከማጣሪያው ኋላ ጭሱን የሚለካ ነገር አለ፤ ማጣሪያው ሲወጣ ያ መለኪያ ችግር አለ እያለ መብራቷን ያበራታል። ባባ ደግሞ ከመሄዱ በፊት፣ መኪናዋ ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ ቁልፉን እቀማሃለሁ ብሎ ለልጁ አስጠንቅቆታል። ድምፁን፣ አሮጌው ስለዛገ ነው የቀየርኩት ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መብራቷን ግን ምን ብሎ ያልፋታል?

ወቅቱ የአቧራ ወቅት ነበር። ጠዋት ስንነሳ መኪናዎቹ ዱቄት የተነፋባቸው ይመስላሉ፤ ማጠቡ የእኔ ሥራ ነው። ባባ ሊመለስ አንድ ቀን ሲቀረው እያጠብኩ ሳለ ፋሃድ መጥቶ ጥቁር ናስትሮ አምጪ አለኝ። ከኩሽናው መሳቢያ አመጣሁ። የጣት ጥፍር የምታህል ቆርጬ የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው። መብራቷ ላይ ለጠፈና ደህና አድርጎ ተጫነው።

«አላየሽም» አለኝ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ።

ሳቅሁ። እንደ ጨዋታ ነበር ያየሁት።

ጋሼ ሰይድ ያንኑ ጠዋት አየው። ማን እንደለጠፈው ሲጠይቀኝ አልደበቅኩትም፤ ፋሃድ ነው፣ ናስትሮውን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን የበራችው በማርሚታው ነው፣ እሺ። ነገ ሌላ ነገር ቢበላሽ የምትነግረን እሷ አልነበረችም? አፏን ዘጋችሁት» አለኝ።

ለፋሃድም ነገረው። ፋሃድ፣ ለአባቴ ራሴ እነግረዋለሁ አለ። ሹፌር የቤቱን ልጅ ቀድሞ ለአባት ቢናገር ምን እንደሚባል እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ጋሼ ሰይድ ዝም አለ፤ ናስትሮው እንደተለጠፈ ቀረ።

ሐምሌ ሲገባ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጋሼ ሰይድ አሁንም ተናገረ፤ ፋሃድ፣ ማርሚታው ነው እንዲህ የሚያደርጋት አለው። ከሳምንት በኋላ ጋሼ ሰይድ ማዳምንና ትንሿን ልጅ ይዞ ከዘመድ ቤት ሲመለስ፣ በቀትር፣ ቀለበት መንገዱ መሐል ሞተሩ ጠፋ። በዚያ ሰዓት አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። እርዳታ እስኪመጣ ልጅቷ አስመልሷት፣ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። አልሀምዱሊላህ፣ ከሰዓት፣ ለዐስር ሶላት ድና ወደ ቤት ተመለሰች። እኔ እስክትመለስ ድረስ ደጁ ላይ ቆሜ ነበር።

በማግስቱ ባባ ሁላችንንም ሳሎን ጠራን። መካኒኩ ሞተሩ መቃጠሉን፣ ማስጠንቀቂያው መብራት ደግሞ ተሸፍኖ እንዳገኘው ነግሮታል። ባባ ያቺን ቁራጭ ናስትሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ይህን ማን ለጠፈ?»

ፋሃድ ምንጣፉን እያየ፣ «ሹፌሩ» አለ።

ጋሼ ሰይድ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔ አይደለሁም ባባ። ዘይነብ ታውቃለች፤ ይጠይቋት።»

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «ዘይነብ፣ ማን ነው?»

ከአገር እንደመጣን የቆዩት እህቶች የሚሰጡን ምክር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ፣ ብርጭቆ ሲሰበር፣ የቤቱ ሰዎች ሲጣሉ ማዳም ከጠየቀችሽ «ማዕረፍ» በይ፣ አላውቅም ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨምሪ። ዓረብኛ ሳልችል የያዝኩት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። ከብዙ ጣጣ አውጥቶኛል፤ ምክሩ መጥፎ ነው አልልም።

«ማዕረፍ» አልኩ።

ጋሼ ሰይድ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። የወንድሙን ቤት አንኳኩቶ የማያውቀው ሰው እንደከፈተለት ሆኖ ነው ያየኝ።

የመኖሪያ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ በአራተኛው ቀን ወደ አገር ተላከ። ትልቋ ልጁ የአስረኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ ነበር፤ ነርስ ትሆናለች፣ እስክትጨርስ ድረስ እዚህ እቆያለሁ ይል ነበር። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እኔ የኩሽናውን መስኮት ዘግቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የዚያን ቀን ምሳ ሽንኩርት አያስፈልገውም ነበር።

ይህን ሁሉ ነግሬው እስክጨርስ ሩዙ ቀዝቅዞ ነበር።

«እማ፣ እውነቱን ብትናገሪ ኖሮ ያባርሩሽ ነበር?» አለኝ።

ለራሴ ሁልጊዜ የምሰጠው መልስ፣ አዎ፣ ያባርሩኝ ነበር የሚል ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ምሳ ላይ ፋሃድ የናስትሮውን ነገር ራሱ አወራው፤ እኔ ነበርኩ የለጠፍኩት፣ ከዘይነብ ጋር ብሎ ሳቀ። ባባ ራሱን ነቀነቀ። ማዳም ትከሻውን በጨርቅ መታ አደረገችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሩዝ ጨምሪ አለችኝ። በቃ። ስለ ጋሼ ሰይድ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነሳሁም።

«አይ» አልኩት። «አያባርሩኝም ነበር።»

ኑሩ ሳህኖቹን አንስቶ ሊያጥብ ሄደ፤ ሌላ ጊዜ የማያደርገውን።

ቅዳሜ ጠዋት በስልክ ድምፁን ልኮልኝ አገኘሁ። «ለአባትየው ነገርኩት። ልጁ ተኮሳትሮብኛል፤ ሰላምም አይለኝም። አብሽሪ፣ አታስቢ» ይላል። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ ደግሞ ፈራሁለት።

ፈርቼ ነው እያልኩ ይህን ሁሉ ዓመት ኖርኩ። ፍርሃቴ እውነት ነበር፤ የፈራሁት ነገር ግን እዚያ ሳሎን ውስጥ አልነበረም። የነበረው ጋሼ ሰይድ ነው፤ አንድ ቃል እስክናገርለት ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።