የጋሽ ቱፋ የእጅ አንጓ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ቢሮው ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ሥራ አስኪያጁ ጓድ አሰፋ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ብርቄ መወልወያቸውን ይዘው ጥግ ላይ ናቸው። የጥገናው ካቦ ጋሽ ቱፋ ጫማቸው ዘይት ስለነካው ደፉ ላይ ቀርተዋል። እኔ ከታይፑ ኋላ ነበርኩ። ቦታው ናዝሬት፣ በደርግ ጊዜ የመንግሥት የሆነ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ነው።

ጋሽ ቱፋ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም እያሉ ጣቶቻቸውን አጥፈው የእጃቸውን አንጓ ዘረጉልኝ። ግራ ገባኝ።

«ያዢው እንጂ! እጃቸው ላይ ያለው ግራሶ እንዳይነካሽ ብለው ነው» አሉ እትዬ ብርቄ።

ያዝኩት። በጥገና ክፍል ሰላምታ እንዲህ ነበር።

በየክረምቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ይመጡ ነበር። ጓድ አሰፋ ሰው እንዴት እንደሚነጋገር፣ ከሠራተኛ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ሊያስረዱ ሲጀምሩ፣ አንዱ ተነስቶ «ጓድ፣ ይሄ ማርክ አለው?» ይላል። ሌሎቹ ይስቃሉ። የተመረቀውን ሁሉ መንግሥት ስለሚመድብ ሥራ ማግኘት አያስጨንቃቸውም።

መስፍን የተመደበው እኔ ከታይፒስትነት ወደ ጸሐፊነት ካደግሁ በኋላ ነው። መካኒካል ኢንጂነር ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ። እናቱ አቦምሳ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ቋሚ ከሆነ እኛ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሊያመጣቸው አስቧል።

«አንድ ክፍል ይበቃናል፣ እትዬ አስቴር» አለኝ። «ብቻ ደረጃ የሌለው ይሁን። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

ጥገና ክፍል መጀመሪያ ይዤው የገባሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ቱፋ ከዘይት መጭመቂያው ሥር ወጥተው «እንኳን መጣህልን፣ የኛ ኢንጂነር!» ብለው አንጓቸውን ዘረጉ። መስፍን አንጓውን አየና እጁን ኪሱ ከተተ። «ሰላም» ብሎ ወደ ማሽኑ አለፈ። የጋሽ ቱፋ ክንድ ጥቂት እንደተዘረጋ ቆየ።

«ጋሽ ቱፋ፣ ዲግሪ ግራሶ አይወድም» አለ አንዱ መካኒክ። ማንም አልሳቀም።

ስንመለስ ነገሩን አስረዳሁት። «ነገ ሂድና ያዝላቸው» አልኩት።

«አምስት ዓመት የተማርኩት ማሽን ነው፣ እትዬ አስቴር። ማሽን ሰላምታ አይጠይቅም።»

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ቱፋ «እርስዎ» ይሉት ጀመር። እሱ እንዳከበሩት ቆጠረው። መካኒኮቹ ያዘዘውን ይሠራሉ፤ ያላዘዘውን አይነኩም፤ ያዩትንም አይነግሩትም።

ኑግ በብዛት በሚገባበት ወቅት መስፍን የትልቁ መጭመቂያ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እየጋለ መሆኑን ደረሰበት። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት «ይሄ ማሽን ዛሬውኑ ይቁም! እስካሁን እንዴት አላያችሁትም?» አለ።

ጋሽ ቱፋ «እሺ ኢንጂነር። ማቆሙን ግን ሥራ አስኪያጁን ያስፈቅዱ» አሉ።

ጓድ አሰፋ ሁለቱንም አስጠሩ። መስፍን በወረቀት ላይ እየሳለ በደንብ አስረዳ። ጓድ አሰፋ ወደ ካቦው ዞረው «አንተስ ምን ትላለህ፣ ቱፋ?» አሉ።

ጋሽ ቱፋ መሬት መሬት እያዩ «ምንም አይሆንም፤ ይቆያል» አሉ። ማሽኑ አልቆመም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ኩሽኔታው ተሰብሮ ዘንጉን አጣመመው። መለዋወጫ እስኪመጣ የኑጉ ጆንያ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ከረመ።

የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ጓድ አሰፋ መስፍንን ጠሩት። እኔም ነበርኩ።

«ልክ ነበርክ» አሉት። «ዕውቀትህን አልጠረጥርም። ግን እዚህ የሚሰማህ ሰው የለም። እኔ ምን ላድርግ?»

«ልክ ከነበርኩ ለምን እኔ እሄዳለሁ?»

ጓድ አሰፋ የዝውውር ደብዳቤውን ገፋ አደረጉለት። ከቡልቡላ ወዲያ ወዳለ እርሻ አዛወሩት። የሚያድረው ከሠራተኞች ጋር በጋራ መኖሪያ ስለሆነ እናቱን የሚያመጣበት ቦታ አልነበረም። ያገኘሁለትን ቤት ለባለቤቱ መለስኩ። ደረጃ አልነበረውም።

በሚሄድበት ቀን ሻንጣውን ጋሪ ላይ ጭኖ ጥገና ክፍል ገባ። ጋሽ ቱፋ ሁለት እጃቸው ማሽኑ ውስጥ ነበር። መስፍን ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ቆመ።

«ደህና ይግቡ፣ ኢንጂነር» አሉ ጋሽ ቱፋ፣ እጃቸውን ሳያወጡ። ባለጋሪው ጅራፉን አጮኸ። መስፍን ወጣ።

ጋሪው ከግቢው ሲርቅ ጋሽ ቱፋ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ።

«ኩሽኔታው ሲጮህ እኔም ሰምቼው ነበር» አሉኝ። «ጆሮዬ ሰማ፤ ልቤ እምቢ አለ።»

«ይህን ለምን ለእሱ አልነገሩትም?»

ጨርቁን አጥፈው ማሽኑ ላይ አስቀመጡት።

ልክ መሆን ብቻውን ማሽን አያስቆምም። በሥራ ዘመኔ የተማርኩት ይኸው ነው።

የመውጫው ደወል ተደወለ። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።