አልጋ ያልያዙት ጋሽ ታደሰ

በአደጋ የተጎዱትን ለመመዝገብ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ዶክተር ካማው ኮምፒውተሩን ከፈቱና አንድ ሕግ ነገሩኝ። «አደጋ ደርሶበት የመጣ ሁሉ አይመዘገብም። አልጋ ይዞ የተኛ ብቻ።»

እኔ እቴ ምን አውቃለሁ! ኮምፒውተር የለመድኩት በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነው። በሰው አገር ሆስፒታል ውስጥ ወንበር ማግኘቴ ራሱ ድግስ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከየዋርዱ ፋይል እሰበስባለሁ። የት ተጎዳ፣ በምን ተጎዳ፣ ምኑ ተጎዳ፣ እንዴት ሆኖ ወጣ ብዬ አስገባለሁ። ድንገተኛ ክፍል ተሰፍቶ የሄደ አይገባም። በር ላይ የሞተም አይገባም። አበሻ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ።

አንድ ከሰዓት ጋሽ ታደሰን አመጧቸው። ባለቤታቸው እማማ ብርቄ ፓርክላንድስ የሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው፤ እዚያው ፊት ለፊት መንገድ ሲሻገሩ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ገጭቷቸው ነው። ከመኪና ሲያወርዷቸው ትንፋሽ አልነበራቸውም። ለእማማ ብርቄ መርዶውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ፋይል ስሰበስብ የጋሽ ታደሰን ስም አልፈለግሁም።

ከአርባቸው በኋላ እማማ ብርቄ ከሰፈሩ ነጋዴዎች ጋር ሆነው፣ መንገዱ ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን ብለው አመለከቱ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ «ማን እንደተጎዳ የሆስፒታል ማስረጃ አምጡ» አላቸው። እኔ ዘንድ መጡ።

«አንቺ እያለሽልን ማስረጃ ብርቅ ነው እንዴ?»

በዚያ መንገድ የተጎዱትን ፈለግሁ። ሁለት የእግር ስብራት ወጣ። ሞት የለም።

«ታዴስ?»

«እማማ፣ ጋሼ እኮ... አልጋ አልያዙም። ሕጉ...»

«አይ ታዴ! ቸኩሎ ነዋ። አልጋ እስኪሰጡት መታገሥ ነበረበት።»

ያንኑ የወጣውን ዝርዝር አትሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ሰጠኋቸው። መሐንዲሱ አየና «ሰው የማይሞትበት መንገድ ነው፤ ተራውን ይጠብቅ» አለ።

ዶክተር ካማው ዘንድ ገባሁ። «ሞቶ የመጣውን እኛ አላከምነውም፤ ውጤታችንን ያበላሽብናል» አሉ።

«ዶክተር፣ ጋሽ ታደሰን ከመኪና ሲያወርዷቸው እኔ እኮ በሩ ላይ ነበርኩ።»

ነገሩን ለአስተዳደሩ አቀረቡት። ብዙ ስብሰባ ፈጀ እንጂ ሕጉ ተለወጠ። ዛሬ ሞቶ የደረሰም፣ ታክሞ ቤቱ የሄደም፣ ለየብቻው ተለይቶ ይገባል። ወደ ኋላ ግን አይሠራም ተባለ። ጋሽ ታደሰ እንደቀሩ ናቸው። ጉብታውም አልተሠራም።

እማማ ብርቄ ዛሬም «ልጄ» ይሉኛል። ምግብ ቤታቸው ስሄድ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።

አዲስ ለሚገቡት የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ማን እንደሚመዘገብ ሲነገራችሁ፣ ማን እንደሚቀር ጠይቁ። እኔ አልጠየቅሁም።